ወደ ኋላ ተመልሼ ያረምኩት ወረቀት

ኦስሎ ውስጥ ሆላንድኛ የሚያጠና ሀበሻ እኔ እስከማውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሴት ናት። ትሮስተሩድ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እናትና አባቷ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ ከእናቴ ጋር በኢድ በኢድ ይጠያየቃሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቋንቋ አጠናለሁ ስትል አባቷ "ቋንቋ ጥሩ ነው" አለ። ሆላንድኛ መሆኑን ሲሰማ ዝም አለ። እናቷ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

"ከማን ጋር ልታወሪበት ነው ልጄ?"

"ከሱ ጋ" አለች፣ በአገጯ እኔን እያሳየች።

እናቷ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "እሱ በአማርኛውም በቂ ነው" አለች።

እኔ በሁለት ዓመቴ ሆላንድ ገብቼ እስከ አስራ ሦስት ዓመቴ እዛ ነው ያደግኩት። ከዛ እናቴ ኦስሎ ያለ ሰው አገባችና ሻንጣ ሆኜ መጣሁ። አማርኛው የቤት ነው፣ ሆላንድኛው የመንገድና የትምህርት ቤት፣ ኖርዌይኛው በግድ የተጫነ። ቪደረጎንደ የሚሉትን የነሱን ሁለተኛ ደረጃ አጋምሼ ጥዬው ወጣሁ። ያኔ፣ በፈረንጅ ሁለት ሺህ አስራ አራት ይመስለኛል፣ ሊንደበርግ ከእናቴ ጋር እየኖርኩ አበባ መጋዘን ውስጥ እሰራ ነበር። አበባው በከባድ መኪና ከሆላንድ ነው የሚመጣው፤ ሾፌሮቹም የዛው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ቋንቋው አልጠፋብኝም። ሳምንት ሁለቴ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከሾፌር ጋር እሰዳደብበታለሁ።

ግንቦት ላይ ልጅቷ ደወለችልኝ።

"አንተ፣ ማክሰኞ ከስራ በኋላ አንድ ሰዓት አለህ?"

"ለምን?"

"ማስተሬን አርብ ላስገባ ነው። አንድ ሰው ጎደለኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተር ጽሑፏ ስለ ሆላንድኛ ጥያቄ ነው። ተራ ጥያቄ ሳይሆን ጥያቄ ሆድ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ያለበት፤ "ማን ይመስልሃል ማን ብስክሌቱን የወሰደው" አይነት። አንዳንድ ሰፈር እንዲህ ያወራሉ፣ አንዳንድ ሰፈር ጆሯቸውን ይይዛሉ። እሷ እንዲህ አይነት አረፍተ ነገሮች አንድ ወረቀት ላይ ደርድራ ቋንቋውን ከልጅነታቸው ለሚናገሩ ሰዎች ታድላለች፤ እነሱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይሰጣሉ። አንድ ማለት ማንም ሰው እንዲህ አይልም ነው፤ አምስት ማለት እኔም እላለሁ። ቫይለደሯ፣ ጽሑፉን የሚመራላት ፕሮፌሰር ማለት ነው፣ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ቆርጦ ነግሯታል። ከዛ አንድ ቢጎድል አይቀበልም። ቃል የሰጣት አንድ ሆላንዳዊ የመጨረሻው ሳምንት ላይ ታምሞ ቀረ።

"አንቺ ራስሽ ለምን አትሞይውም? ሆላንድኛ ትችያለሽ።"

"እኔ በትምህርት ነው የቻልኩት። የኔ ጆሮ አይቆጠርም።"

"የኔስ?"

"ስለ አንተ ቫይለደሬን ጠየቅኩት። በሁለት ዓመቱ ከገባ፣ ትምህርት ቤትም እዛው ከጀመረና አሁንም የሚናገር ከሆነ ይቆጠራል አለኝ።"

ይቆጠራል። ይሄን ቃል ስሰማ ምን እንደተሰማኝ ለሷ አልነገርኳትም። ኖርዌይ ከገባሁ ጀምሮ አንድ ፕሮፌሰር ስለ እኔ ጥሩ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ አይቶኝም አያውቅም።

አርብ ካላስገባች ግማሽ ዓመት መጠበቅ አለባት። ነሐሴ ላይ ደግሞ አንድ ትምህርት ቤት ሊቀጥራት ቃል ገብቷል፤ ማስተሩን ከጨረሰች ብቻ። ይሄን ሁሉ ነገረችኝ። ሌላው ሁሉ ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው የአንድ ሰው ቁጥር ማስገባት ነው። ሾፌሮቹ ያኔውኑ ነበር ትዝ ያሉኝ፤ ንጹህ ሆላንዶች በሳምንት ሁለት ቀን ደጄ ላይ ይቆማሉ። አልነገርኳትም። መቆጠር የፈለግኩት እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ማዮርስቱን የሚባል ሰፈር ተገናኘን። እዛ አንድ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ቀን ትሰራ ስለነበር ትንሽ የስብሰባ ክፍል ለቀውላታል። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መስኮቱ ስር እስክሪብቶ የታጨቀበት ኩባያ። ወረቀቱን አስቀመጠችልኝ። አናቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ አንዴ አንብብ፣ መጀመሪያ የመጣልህን ቁጥር ክበብ፣ ወደ ኋላ አትመለስ።

በአፏም ደገመችው። "ወደ ኋላ አትመለስ፣ እሺ?"

"ያ፣ ያ" አልኳት፤ በነሱ አዎ ማለት ነው።

"እኔ እወጣለሁ። ካለሁ ከፊቴ ላይ ታነባለህ።"

"ፊትሽ ላይ ምን አለ የሚነበብ?"

"ዝም ብለህ ጻፍ" ብላ በሩን ዘግታ ወጣች።

በጥቁር እስክሪብቶ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ገጽ ቀላል ነበር። ጤነኛ አረፍተ ነገር ይመጣል፣ አምስት። የሚያስቅ ይመጣል፣ አንድ። ጥያቄው ውስጥ ጥያቄ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሴትዮ፣ ሴትዮዋ ውስጥ ወንድሟ፤ መጨረሻው ላይ ማን ማንን እንደጠየቀ የማይታወቅ። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ፍርድ ቤት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከሳሽም ጠበቃም የለም፣ እኔ ብቻ።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ነገሩ መቀየር ጀመረ። ያው አይነት አረፍተ ነገር በሌላ ቃል ይመጣል። ብስክሌቱ ጀልባ ሆኗል፣ ሴትዮዋ ዶክተር ሆናለች፣ አጥንቱ ግን ያው ነው። ሦስት ሰጠሁት። አራተኛው ገጽ ላይ እንደገና መጣ፤ አራት ሰጠሁት። ምን አለበት አልኩ፣ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ጥቁሩ እስክሪብቶ ቀለም ጨረሰ። ከኩባያው ሰማያዊ አንስቼ ቀጠልኩ። መጨረሻው ገጽ ላይ ያው አረፍተ ነገር ሲመጣ አምስት ሰጥቼ አለፍኩ። ሲያልፍ ጭራሽ አልታወቀኝም።

ጨርሼ ወንበሩ ላይ ተለጠጥኩ። ከዛ አንድ ነገር በላኝ።

እዚህ ላይ አንድ የድሮ ነገር ልናገር። አስራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ኖርዌይኛ የማይችሉ ልጆች የሚታጎሩበት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አስተማሪዋ አስር አረፍተ ነገር ጻፉ አለች። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሁሉንም ከኔ ገለበጠ፣ ነጥቡን ሳይቀር። ወረቀቱ ሲመለስ የኔ አራተኛው አረፍተ ነገር ላይ ቀይ መስቀል ነበረበት፤ የሱ ላይ ትክክል ተብሏል። ያው አረፍተ ነገር! ሌባው አልፎ ባለቤቱ ወደቀ። ሁለቱንም ወረቀት ይዤ ሄድኩ። አስተማሪዋ አየቻቸው፣ "ልክ ነህ፣ ተሳስቻለሁ" አለች፣ ቀይ እስክሪብቶ አንስታ የልጁንም መስቀል አደረገችው። ልጁ ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። እኔ ደግሞ ሰው እንዴት ወደ ታች እንደሚያርም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እንግዲህ ማዮርስቱን ሆኜ ወረቀቴን ሳየው እኔ ያችን ሴትዮ ሆኜ ተገኘሁ። አንደኛው ገጽ ላይ አንድ ያልኩትን መጨረሻው ገጽ ላይ አምስት ብዬዋለሁ። ልዩነቱ ምንድነው? ቀድሞ መምጣቱ ብቻ። መጀመሪያ የመጣው ተመታ፣ መጨረሻ የመጣው አለፈ። "ወደ ኋላ አትመለስ" የሚለውን አንብቤዋለሁ፣ አላየሁትም አልልም። ግን ለሚያጭበረብር ሰው የተጻፈ መሰለኝ። እኔ አላጭበረበርኩም፤ ስህተቴን ነው ያስተካከልኩት። ሰማያዊውን እስክሪብቶ ይዤ ወደ አንደኛው ገጽ ተመለስኩና አንዱንም ሁለቱንም እየሰረዝኩ አራትና አምስት ከበብኩ። ሁሉንም ወደ ላይ። አንድም ወደ ታች ያወረድኩት የለም።

ልጅቷ ስትመለስ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዛ ነበር። ወረቀቱን አነሳች። ብርጭቆዎቹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"ይሄ ምንድነው?"

"እርማት።"

"ማን አርም አለህ?"

"ፍትህ።"

አልሳቀችም። ወረቀቱን ገለጠች፣ መለሰች፣ ገለጠች። ከዛ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እኔን ሳይሆን መስኮቱን እያየች።

"ስማኝ። አሁን የምጠይቅህን አስበህ መልስልኝ። እነዚህን ቁጥሮች እዛው በዛው ነው የቀየርካቸው፣ ወይስ ጨርሰህ ተመልሰህ ነው? እዛው በዛው ከሆነ ይቆጠራል። ሰው እጁ ሊስት ይችላል፣ ይፈቀዳል።"

እኔ መልስ የሚያጣ ሰው አይደለሁም። እናቴ ይሄን ምላስህን ብሸጠው ቤት እገዛ ነበር ትለኛለች። ያኔ ግን አንዱን ብርጭቆ አንስቼ ግማሹን ጠጣሁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትፈልገው። በሩን ራሷ ከፍታ ይዛልኛለች። ብገባ እሷም ታስገባለች፣ እኔም እቆጠራለሁ።

"ተመልሼ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። አንደኛውን ገጽ በጥቁር ሞልተህ በሰማያዊ ነው ያረምከው።"

"ካወቅሽ ለምን ጠየቅሽኝ?"

"ብትዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

ከዛ ነገሩን አስረዳችኝ። ሰው እንግዳ ጥያቄ መጀመሪያ ሲሰማ ይቆረቁረዋል፤ ደጋግሞ ሲሰማው ይለምደዋል። የሷ ማስተር ይሄንን ነው የሚለካው፤ የትኛው ቶሎ እንደሚለመድ፣ የትኛው አስር ጊዜም ቢሰማ እንደማይለመድ። መጀመሪያ አንድ ብዬ መጨረሻ አምስት ማለቴ ስህተት አልነበረም። የምትፈልገው እሱን ነበር።

"ማለት አድልዎዬን ነው የፈለግሽው?"

"ያ። እሱን ነው ያጠፋኸው።"

"ሌላ ወረቀት ስጪኝ፣ ደግሜ ልሙላ።"

"አሁን ሁሉንም ሰምተሃቸዋል። ሁለተኛ መጀመሪያ የለም።"

እዚህ ላይ ተናደድኩ። ጮህኩ እንኳ ማለት ይቻላል። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ስትባሉ አልኳት፣ ሰውን እንደ አይጥ ታስቀምጡና ወጥመዱ ለምን ተዘጋ ትላላችሁ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? "ብነግርህ አይሰራም" አለች። "ካልነገርሽኝም አልሰራም" አልኩ። ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረች። ያኔ ነው ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር እንዳለ ያየሁት።

ቲ-ባነ የሚሉት የከተማ ባቡር ላይ ትይዩ ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ትሮስተሩድ ሲደርስ ቻው ሳትለኝ ወረደች። እኔ አንድ ጣቢያ ይቀረኛል። ያቺ አንድ ጣቢያ ሁለት ደቂቃ አትሞላም፣ ግን ለመደወል በቅታኛለች።

"ሐሙስ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሆላንዳዊ አገኝልሻለሁ" አልኳት።

"የት?"

"መጋዘን። ሾፌር ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ሦስት ዓመት ይሆነዋል።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። መምጣቷን ግን አልተጠራጠርኩም፤ ሌላ ሰው የላትም።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይዋ ገና በአስር ሰዓት የወጣች ናት፣ ግንቦት ነዋ። ልጅቷ በአምስት ደቂቃ ቀድማ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ መጣች፤ ሰራተኛው ሁሉ የጤና ቁጥጥር መስላው መጥረጊያ መያዝ ጀመረ። መኪናው ገባ። ሾፌሩ ሃምሳ ያለፈው፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ ሰው ነው። ሕጉ አርባ አምስት ደቂቃ እረፍት ያዘዋል፤ ግን ሁሌ በዛች እረፍቱ ነው ከኔ ጋር የሚያራግፈው፣ ቶሎ ለመሄድ።

በሆላንድኛ ነገሩን ነገርኩት።

"ልጄ፣ አንተ ለምን አትሰራላትም? ከኔ የበለጠ ታወራለህ" አለኝ።

"ሰርቼው ነበር። አበላሸሁት።"

"እንዴት ይበላሻል? ክብ ማድረግ አይደል?"

"ረጅም ታሪክ ነው።"

"እሺ፣ ታዲያ አበባውን ማን ያራግፋል?"

"እኔ።"

"ብቻህን?"

"ብቻዬን።"

ሳቀ። ሰዓቱን አየ፣ እስክሪብቶ ተቀበለ፣ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠና ወረቀቱን መሪው ላይ ዘረጋው። ልጅቷ ደንቡን ነገረችው። ወደ ኋላ አትመለስ የሚለው ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ እኔም እንድሰማ። ከዛ ከመኪናው ርቃ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

አበባው የሚመጣው ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ባለ ጎማ መደርደሪያ ነው። ለሁለት ሰው ደህና ነው፤ አንዱ ይስባል አንዱ ይገፋል። ብቻህን ስትሆን መደርደሪያው ነው አንተን የሚነዳህ። ሦስተኛው ላይ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። አለቃዬ መጣ።

"ሾፌሩ ምን ሆኗል?"

"ፈተና ላይ ነው።"

"የምን ፈተና?"

"የሆላንድኛ።"

አለቃዬ ጋቢናውን አየ፣ እኔን አየ፣ ልጅቷን አየ። "ቱሊፑ ሙቀት ላይ እንዳይቆም" ብሎ ሄደ። በዚህ አገር ወረቀት የያዘ ሰው ካዩ ብዙ አይጠይቁም።

ጋቢናው ውስጥ ሰውዬው ብቻውን ይስቃል። አንዴ መስኮቱን ከፍቶ "ይሄን የምትለው ሚስቴ ናት!" ብሎ ጮኸ። ልጅቷ ሳትዞር "እባክዎ፣ አይንገሩኝ!" አለች፣ በዛ በመጽሐፍ ሆላንድኛዋ። ሌላ ጊዜ ደግሞ "ይሄን ግን ማንም አይልም፣ የሰከረም አይል" እያለ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ሊያስረዳኝ ፈልጎ ወደኔ ሲያይ አንገቴን መደርደሪያው ኋላ ደበቅኩ። በዛች ቅጽበት እሱ ወደ ኋላ ቢመለስ የማልምረው መሰለኝ።

አልተመለሰም። አርባ አምስት ደቂቃው ሳይሞላ ወረደ፣ ወረቀቱን ሰጣት። ቆማ ገጽ በገጽ ገለጠችው። አንድም ስርዝ የለም። ቀለሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። የመጨረሻውን መደርደሪያ እየገፋሁ አለፍኩ።

"ይቆጠራል?" አልኳት።

"ይቆጠራል" አለች። ለኔ ሳይሆን ለወረቀቱ ነው ያለችው።

አርብ አስገባች። ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤቱ ቀጠራት። ይሄን ከእናቴ ነው የሰማሁት፣ እናቴ ከእናቷ። እኔና እሷ እስከ መስከረም አልተነጋገርንም።

መስከረም ላይ ማዮርስቱን ቲ-ባነ መጠበቂያው ላይ ተገጣጠምን። ቦርሳዋ የአስተማሪ ቦርሳ ሆኗል፣ ከባድ። ባቡሩ ሲመጣ አብረን ገባን፣ እንደዛን ቀን ትይዩ ተቀመጥን። ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችኝ። ጽሑፏ ነው። አንድ ገጽ ጫፉን አጥፋልኛለች። ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል እንዲህ ይላል፦ አንድ ተሳታፊ ወደ ኋላ ተመልሶ መልሶቹን ስለቀየረ ከቆጠራው ወጥቷል።

"እኔ ነኝ?"

"ያ።"

"ስሜ የለም።"

"የማንም ስም የለም።"

መጽሐፉን ልመልስላት ስል "ይዘኸው ሂድ፣ ላንተ ነው" አለች። ከዛ ቦርሳዋን ዘግታ "ጥቁሩ ልክ ነበር" አለችኝ።

"የቱ ጥቁር?"

"ከስርዙ ስር ያሉት፣ መጀመሪያ የከበብካቸው። ለማወቅ ያህል አየኋቸው። ከሾፌሩ ጋር የተለያያችሁት ሁለት ቦታ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ለምን እነሱን አልወሰድሽም? ሲነበቡ!"

"ከስርዝ ስር እየለቀምኩ ብወስድ መራጯ እኔ እንጂ አንተ አትሆንም ነበር።"

የምመልሰው ነገር ነበረኝ። ሦስት አራት መልስ ነበረኝ፣ ሁሉም ስለታም። ባቡሩ ሃውገሩድ ጣቢያን አለፈ። አልመለስኩም። ትሮስተሩድ ስትወርድ በዚህኛው ቀን "ቻው" አለችኝ።

በሩ ሲዘጋ መጽሐፉን ከፍቼ ያቺን መስመር እንደገና አነበብኳት። የመጀመሪያውን ያህል አልከበደችኝም። ሦስተኛ ጊዜ ላነብ ዓይኔን መለስ አድርጌ ነበር፤ እንዳልለምዳት ተውኩት። ሊንደበርግ እስኪደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ጉልበቴ ላይ ያዝኩት።